የሂሉክሱ ግራውንድ ሥራ፦ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ኋላ መብራት

ኅዳር መጀመሪያ፣ ደብረ ብርሃን

መኪናው የአጎቴ ባለ ደብል ጋቢና ቶዮታ ሂሉክስ ነው። ሞተሩ 3ኤል የሚባለው ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ኤሌክትሪኩ ባለ 12 ቮልት፣ ፓምፑ ሜካኒካል ሲሆን ኮምፒውተር የለውም። ከሰላ ድንጋይ በኩል ገብስና ባቄላ ወደ ደብረ ብርሃን ያመላልሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ጣርማ በርን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርድና ሽንኩርትና ማሾ ጭኖ ይመለሳል።

ውርጭ በጣለበት ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) አንድ ሁለት ጊዜ ያቃስትና ይቆማል። ሸዋ ሮቢት ሲያድር ግን ቁልፉ እንደተዞረ ይነሳል። ማታ የፊት መብራት ሲበራ የሙቀት ጌጁ ወደ ላይ ይወጣል፤ መብራቱ ሲጠፋ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ውኃው ግን አልፈላም። ቀን ላይ መብራት ሳይበራ ፍሬን ሲረገጥ የዳሽቦርዱ መብራት ጭል ጭል ይላል። ክላክሱም ድምፁ ሰልሏል። እነዚህ ጉድለቶች ለየብቻ ታይተው ለየብቻ ታክመዋል፤ በአንድ ጋራዥ ባትሪው በ14,500 ብር ተቀይሯል፤ በሌላው ደግሞ የሞተሪኖው ካርቦን በ1,800 ብር ታድሷል። ከሁለቱም ሥራ በኋላ መኪናው ለጥቂት ቀናት ደህና ይመስልና ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል።

አጎቴ መኪናውን ግቢዬ ውስጥ ሲያቆሙት «ባትሪው አዲስ ነው፣ ሞተሪኖውም ተሠርቷል፤ እንግዲህ የደብረ ብርሃንን ብርድ ምን ላድርገው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ብርዱ ችግሩን ያወጣዋል እንጂ አልፈጠረውም» አልኳቸው። ይህን ያልኩት ለማጽናናት አልነበረም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን፣ ሸዋ ሮቢት ከእርሷ በ1,500 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። በብርድ የሞተር ዘይት ይወፍራል፣ ሞተሪኖው ሞተሩን ለማዞር ብዙ አምፔር ይስባል፣ ባትሪው ራሱም በብርድ አቅሙ ይቀንሳል። በደካማ መገናኛ ላይ የሚጠፋው ቮልት ደግሞ በሚያልፈው አምፔር ልክ ስለሚጨምር፣ በቆላ የማይታወቅ ጉድለት በደጋ መኪና ያቆማል። መብራቱም፣ ጌጁም፣ ክላክሱም፣ ሞተሪኖውም በአንድ ጊዜ ሲታመሙ ሁሉም የሚጋሩትን መንገድ መመርመር ይቀድማል፤ ሁሉም የሚጋሩት ደግሞ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሱበትን መንገድ፣ ግራውንድ የሚባለውን ነው።

የመመለሻውን መንገድ በወረቀት ላይ ማውጣት

ቁልፍ ከመያዜ በፊት የመኪናውን ግራውንድ በወረቀት ላይ ሣልሁ። ከባትሪው ፖዘቲቭ የወጣ ከረንት ወደ እያንዳንዱ ዕቃ በሽቦ ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን አብዛኛውን መንገድ የሚጓዘው በራሱ በመኪናው ብረት ነው። ይህ አሠራር ሽቦን በግማሽ ይቆጥባል፤ በአንጻሩ እያንዳንዱ ቡሎንና እያንዳንዱ የላሜራ መገጣጠሚያ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሆናል ማለት ነው።

ፒክአፕ ላይ ነገሩ ከቤት መኪና ይወሳሰባል። በቤት መኪና ቦዲው አንድ ነው። ሂሉክስ ላይ ግን ሞተሩ በጎማ ትራስ ላይ ተቀምጧል፣ ጋቢናው በጎማ ትራስ ሻንሲው (የመኪናው የሥር ብረት) ላይ ተቀምጧል፣ የጭነቱ ካሶኒም ለብቻው በቡሎን ታስሯል። ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ሞተር፣ ሻንሲ፣ ጋቢናና ካሶኒ አራት የተለያዩ ብረቶች ናቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ ገመድ ከሌለ ከረንቱ የሚመለስበትን መንገድ ራሱ ይፈልጋል። በሥዕሉ ላይ ሊኖሩ የሚገባቸው ገመዶች እነዚህ ናቸው፦ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተር ብሎክ የሚሄደው ወፍራም ኬብል፣ ከባትሪው ወደ ጋቢናው ላሜራ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ፣ ከሞተሩ ወደ ሻንሲና ወደ ጋቢና የሚሄዱት ማገናኛዎች። ኮፈኑን ከፍቼ ስቆጥር የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አላገኘኋቸውም። ሞተሩ ከዚህ በፊት ለእድሳት ወርዶ ነበርና በዚያን ጊዜ ተፈትተው ሳይመለሱ እንደቀሩ መገመት አያስቸግርም፤ የአንደኛው ቡሎን ባዶውን በቦታው ላይ ታስሮ ይታያል።

በኦም መለካትን ለምን አላመንሁበትም

ባለፈው ጋራዥ ግራውንዱ «ተፈትሿል» ተብሏል። የተፈተሸው በመፈተሻ አምፖልና በኦም መለኪያ ነው። ሁለቱም መሣሪያዎች በሌላ ሥራ ጠቃሚ ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይበቁም። ባለ 5 ዋት መፈተሻ አምፖል ግማሽ አምፔር እንኳ አይስብም፤ ከኬብሉ ውስጥ ጥቂት የመዳብ ክሮች ብቻ ቢተርፉ እንኳ እርሱ ደምቆ ይበራል። የኦም መለኪያውም የራሱ ገመዶች ብቻ ከ0.1 እስከ 0.3 ኦም ያሳያሉ፤ እኛ የምንፈልገው ጉድለት ደግሞ የዚያ ሠላሳኛና አምሳኛ ነው። ሞተሪኖው ሲያዞር 200 አምፔር ይስባል ብለን ብንይዝ፣ 0.01 ኦም ብቻ 2 ቮልት ያስቀራል። ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ 2 ቮልት ማጣት በጠዋት ብርድ መነሳትና አለመነሳት ነው።

ስለዚህ የሚለካው ጭነት ላይ ሆኖ መንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልት ነው። መልቲሜትሩ በዲሲ ቮልት ላይ ይደረጋል፤ አንደኛው ጫፍ በባትሪው የኔጌቲቭ ፖል ላይ ይያዛል (ኬብሉን ከፖሉ ጋር በሚያስረው ሞርሴቶ ላይ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ ፖል ላይ)፤ ሌላኛው ጫፍ ግራውንዱ ሊደርስበት በሚገባው ብረት ላይ ይያዛል፤ ከዚያ ዕቃው እንዲሠራ ይደረጋል። መንገዱ ንጹሕ ከሆነ መለኪያው ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ያሳያል። ለሞተሪኖ እስከ 0.2 ቮልት ይታለፋል፤ ለመብራትና ለመሳሰሉት ከ0.1 ቮልት በላይ ከሆነ መፈለግ ይገባል።

የመጀመሪያው ልኬት

መልቲሜትሩ በ1,200 ብር የተገዛ ተራ መሣሪያ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሞተሩ እየተነሳ ልኬቱን እንዳያቋርጥ በፓምፑ ላይ ያለውን የናፍጣ መዝጊያ ሶሌኖይድ ሽቦ ነቀልሁ፤ ቁልፉን የሚያዞረው የአጎቴ ልጅ ነው። በአንድ ጊዜ ከጥቂት ሰከንድ በላይ እንዳያዞርና በየመሐሉ ሞተሪኖው እንዲያርፍ ተስማማን። ሁሉንም ልኬቶች የወሰድኩት ጠዋት በማለዳ፣ ኮፈኑ ላይ ውርጩ ሳይቀልጥ ነው፤ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ቁጥሮቹ ይለዝባሉና።

ባትሪው ሳይነካ 12.5 ቮልት አለው። ሞተሪኖው ሲያዞር በሁለቱ ፖሎች መካከል 10.4 ቮልት ቀረ፤ ይህ ባትሪው ጤነኛ መሆኑን ያሳያል፣ የሚያሳስበው ከ9.6 በታች ሲወርድ ነው። በፖዘቲቭ በኩል ከፖሉ እስከ ሞተሪኖው ቡሎን የጠፋው 0.3 ቮልት ነው። በኔጌቲቭ በኩል ከፖሉ እስከ ሞተር ብሎክ ግን 1.3 ቮልት ጠፋ። ሞተሪኖው ጋ የደረሰው እንግዲህ 8.8 ቮልት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያንን 1.3 ቮልት በየቁራጩ ለካሁት። ከፖሉ እስከ ሞርሴቶው 0.1፣ ከሞርሴቶው እስከ ኬብሉ ሌላኛው ጫፍ 0.9፣ ከኬብሉ ጫፍ እስከ ብሎኩ ብረት 0.3። በዚህ መንገድ ሲለካ ጥፋተኛው ቁራጭ ራሱ ይናገራል፤ አንዳች ዕቃ መፍታት አያስፈልግም። በ200 አምፔር ሂሳብ 1.3 ቮልት ማለት 260 ዋት ሙቀት ነው። ሞተሪኖውን ካዞርን በኋላ የሞርሴቶውን አንገት በእጄ ስይዘው ትኩስ ነበር፤ በዚያ ብርድ፣ ሌላው ብረት ሁሉ እጅ በሚያቆረፍድበት ሰዓት።

ከዚያ የሶሌኖይዱን ሽቦ መልሼ ሞተሩን አስነሳሁና የፊት መብራቱን፣ የዝናብ መጥረጊያውንና የማሞቂያውን ፋን ከፈትሁ። ከኔጌቲቭ ፖሉ እስከ ጋቢናው ላሜራ 0.7 ቮልት። ወደ ኋላ ሄጄ ፍሬንና የኋላ መብራት በርተው ሳለ ከካሶኒው ጋር ከታሰረው የመብራት ግራውንድ ላይ ስለካ 2.8 ቮልት። ሰልፉ በዚህ ታወቀ፤ መጀመሪያ የባትሪው ኬብል፣ ቀጥሎ ጋቢናው፣ በመጨረሻ ካሶኒው።

መፍታት

ከባትሪ ላይ ገመድ ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰር ደግሞ ኔጌቲቩ መጨረሻ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፖዘቲቩን የሚፈታው ቁልፍ ቦዲ ቢነካና ኔጌቲቩ ገና ታስሮ ቢሆን ሙሉው የባትሪ ከረንት በቁልፉ ውስጥ ያልፋል። በየጋራዡ ጥርሱ የቀለጠ ቁልፍ የሚታየው በዚህ ነው።

የኔጌቲቩ ሞርሴቶ የፋብሪካው አልነበረም። አሮጌው ተቆርጦ የኬብሉ ጫፍ ተልጦ በሁለት ትናንሽ ቡሎኖች ከላይ የተጫነበት ዓይነት ነው። ሁለቱን ቡሎኖች ስፈታ ክሮቹ አብረው አልወጡም፤ ግማሾቹ እንደ ሽሮ ዱቄት ረግፈው በባትሪው ክዳን ላይ አረንጓዴ ብናኝ ሆነው ቀሩ። የተቀሩትን ለማየት የኬብሉን ልባስ በምላጭ ሰነጠቅሁት። መዳቡ ከጫፉ አንስቶ አንድ ስንዝር ያህል ጠቁሮ ነበር። ከባትሪው የሚወጣው የአሲድ ጤዛ በክሮቹ መሐል እየተሳበ ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ ጫፉን ብቻ መቁረጥና አዲስ ሞርሴቶ ማሰር ለጊዜው ነው እንጂ አይዘልቅም። ለባትሪው በተደረገው ሥራም የሆነው ይኸው ይመስለኛል፤ አዲሱ ባትሪ ሲገባ ሞርሴቶው ተነቃንቆ ስለታሰረ ለጥቂት ቀናት አገናኘ፤ ኬብሉን ግን የነካው የለም።

ሌላ አንድ ነገር በዚህ ደረጃ ታየ። የነዳጅ መርገጫው ገመድ ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየውን ላሜራ በሚያልፍበት ቦታ ላይ የፕላስቲክ ሽፋኑ ቀልጦ ከውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ብረት ይታያል። አካባቢው ላይ የጭስ ማውጫ የለም፤ የሚያቀልጠው ሌላ ሙቀት አልነበረም። ከባትሪው ወደ ጋቢናው የሚሄደው ቀጭን ሽቦም ልባሱ ደርቆ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ሁለቱ አንድ ታሪክ ናቸው፦ ወፍራሙ ኬብል ሲደክም የሞተሪኖው ከረንት ከሞተሩ በነዳጅ መርገጫው ገመድ አድርጎ ወደ ጋቢናው፣ ከጋቢናው በቀጭኑ ሽቦ አድርጎ ወደ ባትሪው ይመለስ ነበር። በዚህ መኪና ፍሪሲዮኑ በዘይት የሚሠራ በመሆኑ ተረፈ እንጂ፣ በገመድ የሚሠራ ፍሪሲዮን ያለው መኪና ላይ የፍሪሲዮኑም ገመድ እንዲሁ ይቃጠላል። የነዳጅ መርገጫ ገመድ በተደጋጋሚ የሚከብድበት ወይም የሚነክስበት መኪና ካለ ግራውንዱን መለካት አይጎዳም።

ኬብል ፍለጋ

ደብረ ብርሃን ባሉት ሱቆች ያገኘሁት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለቤት ኤሌክትሪክ የሚሆን ባለ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ደረቅ ኬብል ነው፤ መዳቡ እውነተኛ ቢሆንም ክሮቹ ጥቂትና ወፍራም በመሆናቸው በሚንቀጠቀጥ ሞተር ላይ ይሰበራል። ሁለተኛው የባትሪ ማስነሻ ተብሎ በጥቅል የሚሸጠው ነው። ልባሱ የአውራ ጣት ያህል ይወፍራል፤ ጫፉን በምላጭ ስፍቀው ግን ቀዩ ቀለም ተነሥቶ ነጭ ብረት ወጣ። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ 60 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያም በላይ ከአሲድና ከእርጥበት ጋር ስለማይስማማ ተውኩት። ሻጩን አልወቀስኩትም፤ እርሱም ሲገዛ የሚያየው ልባሱን ነው።

አንድ ዘመዴ አዲስ አበባ ነበርና ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አካባቢ 3 ሜትር ባለ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር የብየዳ ኬብል አመጣልኝ፤ ሜትሩ 1,350 ብር። የብየዳ ኬብል ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ክሮቹ ፀጉር ያህል ቀጭንና ብዙ ስለሆኑ እንደ ልብ ይታጠፋል፣ ንዝረትም ይችላል። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ የ35 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ሬዚስታንስ በሜትር ግማሽ ሚሊ ኦም ነው፤ ከባትሪው እስከ ብሎኩ ያለው ግማሽ ሜትር ኬብል በ200 አምፔር የሚያስቀረው 0.05 ቮልት ብቻ ነው። በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ከእጥፍ በላይ፣ 0.11 ቮልት ይጠፋ ነበር። ከኬብሉ ጋር ካፒኮርዳዎች (በኬብሉ ጫፍ ላይ የሚጨመቁ መገናኛዎች፤ 8 ፍሬ፣ እያንዳንዱ 120 ብር) እና ሁለት የናስ ሞርሴቶዎች (እያንዳንዱ 450 ብር) መጥተዋል።

ካፒኮርዳውን መጭመቅ የሥራው ከባዱ ክፍል ሆነ። በመጀመሪያ በመዶሻና በፑንቶ ደቁሼ ሞከርሁ፤ ከውጭ ሲያዩት የታሰረ ይመስላል፤ በሞርሳ አስሬ በኃይል ስስበው ግን ኬብሉ ሾልኮ ወጣ። በቆርቆሮ መበየድም አልመረጥሁም፤ የቀለጠው ቆርቆሮ በክሮቹ መሐል ወደ ላይ ይሳብና ኬብሉን እንደ ዱላ ያደርቀዋል፣ ደረቁና ልዝቡ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ደግሞ ንዝረቱ ይሰብረዋል። በመጨረሻ የሶላር ፓኔል ከሚተክሉ ልጆች የሃይድሮሊክ መጭመቂያ ተዋስሁ። ባለ ስድስት ማዕዘኑ ቅርጽ ካፒኮርዳውን ዙሪያውን እኩል ይጨምቀዋል፤ ለናሙና ያሰርኩትን አንዱን በብረት መጋዝ ቆርጬ ስመለከተው ክሮቹ መሐላቸው ክፍተት ሳይኖር አንድ ድፍን መዳብ መስለዋል። አንገታቸው ላይ በሙቀት የሚሰበሰብ የፕላስቲክ ቱቦ ለበሰ፤ ከናስትሮ ጋር 250 ብር።

ማሰር

የባትሪውን ፖልና ማስቀመጫውን በውኃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ አጠብሁ፤ አረፋው ሲቆም አሲዱ እንዳለቀ ይታወቃል። ሶዳው በባትሪው ክዳን ቀዳዳ እንዳይገባ ክዳኖቹ መጥበቃቸውን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

በሞተሩ በኩል የቀድሞው ቡሎን ብሎኩ ላይ በዘይትና በአሮጌ ቀለም ላይ ታስሮ ነበር። አዲሱን ኬብል ሞተሪኖው ራሱ ከታሰረባቸው ቡሎኖች በአንዱ ላይ አደረግሁት፤ ከፍተኛውን ከረንት የሚስበው እርሱ ስለሆነ መመለሻው አጠገቡ ቢሆን ይመረጣል። ካፒኮርዳው የሚያርፍበትን ክብ ቦታ በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈቀፈቅሁት። ባለ ጥርስ ሮንዴላ ገባ፤ ጥርሶቹ ብረቱን ነክሰው ስለሚይዙ ንዝረት ግንኙነቱን በቀላሉ አያላላውም። ቫዝሊኑ የተቀባው ከጠበቀ በኋላ፣ ከውጭ ብቻ ነው። ብረት ከብረት ከተነካካ በኋላ ቅባቱ አየርና እርጥበት ይከለክላል።

ከቀረው ኬብል ሁለት ማገናኛ ሠራሁ፤ አንዱ ከሞተሩ ወደ ሻንሲው፣ ሌላው ከሞተሩ ወደ ጋቢናው። ሁለቱም ጥቂት ልል ብለው እንዲታጠፉ ተደርገዋል፤ ሞተሩ በትራሱ ላይ ሲወዛወዝ የተወጠረ ኬብል ካፒኮርዳውን ይሰብራል። የደረቀው ቀጭን ሽቦም በአዲስ ተተካ። ለቡሎንና ለሮንዴላ 300 ብር ወጣ።

በማግስቱ ማለዳ የተወሰደው ልኬት፦ ከፖሉ እስከ ብሎኩ 0.12 ቮልት፣ በፖዘቲቭ በኩል ያው 0.3፣ በፖሎቹ መካከል 10.3፣ ሞተሪኖው ጋ የደረሰው 9.9 ገደማ። በፖሎቹ መካከል ያለው ቮልት ከቀድሞው በ0.1 ዝቅ ማለቱ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ መንገዱ ስለተከፈተ ሞተሪኖው የሚፈልገውን አምፔር አሁን በሙሉ እየሳበ ነው። ከጋቢናው እስከ ፖሉ ደግሞ 0.7 የነበረው 0.05 ሆነ። የሞተሩ አዟዟር በጆሮ ይለያል፤ አጎቴ ሰምተው «ይሄ እንኳ የቆላ አነሳስ ነው» አሉ።

የኋላ መብራት

ካሶኒው ከዚህ በፊት ለላሜራ ሥራ ተነሥቶ ነበር። ሲመለስ በአዲስ ቀለም፣ ከሥር ደግሞ ዝገት በሚከላከል ጥቁር ቅብ ተለብጦ፣ በጎማ ንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ሥራው ለዓይን የተዋጣለት ነው፤ ለኤሌክትሪክ ግን ካሶኒው ከሻንሲው ተቆርጧል። የሁለቱም መብራቶች የግራውንድ ሽቦ በአንዲት ብሎን ካሶኒው ላሜራ ላይ፣ በስቱኮና በቀለም ላይ ተወግቷል።

ፍሬን ሲረገጥ ዳሽቦርዱ የሚበራበት ምክንያት ይህ ነው። የኋላው አምፖል ባለ ሁለት ክር ነው፤ 21 ዋቱ ለፍሬን፣ 5 ዋቱ ለማታ መብራት፤ ሁለቱም የሚመለሱት በአንድ ግራውንድ ነው። ግራውንዱ ሲዘጋ በ21 ዋቱ ክር የገባው ከረንት መውጫ ያጣና በ5 ዋቱ ክር ወደ ኋላ ተመልሶ በማታ መብራት ሽቦ ይሄዳል፤ በዚያ ሽቦ ላይ የፊት ትንንሽ መብራቶች፣ የታርጋ መብራትና የዳሽቦርድ አምፖሎች አሉ፤ የእነርሱ ግራውንድ ደህና ስለሆነ በእነርሱ አድርጎ ወደ ባትሪው ይገባል። ፍሬቻውና ፍሬኑ አንድ ግራውንድ በሚጋሩበት መኪና ላይም ፍሬቻው ሲበራ የፍሬን መብራት አብሮ የሚርገበገበው በዚሁ ነው።

በካሶኒው ላሜራ ላይ አልተማመንሁም። ከእያንዳንዱ መብራት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ (6 ሜትር፣ 360 ብር) በቀጥታ ወደ ሻንሲው አወረድሁ፤ ሻንሲውን አዲስ ቀዳዳ መብሳት አልፈለግሁም፣ ጥርስ ያለው ነባር ቀዳዳ ስለነበረ እርሱን አጽድቼ ተጠቀምሁበት። ልኬቱ ከ2.8 ወደ 0.06 ቮልት ወረደ።

ዳሽቦርዱ ግን ፍሬን ሲረገጥ አሁንም ይበራል፤ እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ደምቆ። ግራውንዱ በልኬት ንጹሕ ስለሆነ ወደ እርሱ መመለስ አላስፈለገም። የቀኙን መብራት ክዳን ስከፍት ባለ አንድ ክር አምፖል በባለ ሁለት ክሩ ሶኬት ውስጥ በግድ ተጎርሷል። የባለ አንድ ክሩ አምፖል መቀመጫ ላይ ያለው አንዱ ሰፊ ነጥብ የሶኬቱን ሁለት መገናኛዎች በአንድ ጊዜ ይነካል፤ ስለዚህ የፍሬኑን ሽቦ ከማታ መብራቱ ሽቦ ጋር ያጋጥማቸዋል። ትክክለኛዎቹ አምፖሎች ሁለቱ በ160 ብር ተገዙ። ከዚያ በኋላ ዳሽቦርዱ ጸጥ አለ። ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች አንድ ምልክት ማሳየታቸው በዚህ ሥራ ውስጥ በጣም የሚያደክመው ነገር ነው፤ የሚያድነው የመጀመሪያውን ጥፋት በቁጥር ዘግቶ ማለፍ ነው።

የፊት መብራትና የሙቀት ጌጁ

ብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ የፊት መብራቱ ፖዘቲቭ በቀጥታ ይደርሰዋል፤ ማብሪያው የሚቆርጠው የመመለሻውን በኩል ነው። ይህም እንዲያ ነው። ስለዚህ ከመብራቱ የሚመለሰው ከረንት ወደ ዳሽቦርዱ ማብሪያ ይመጣል፣ ከማብሪያው በዳሽቦርዱ ሥር ባለች የግራውንድ ብሎን ወደ ጋቢናው፣ ከጋቢናው ወደ ባትሪው። ጋቢናውን ከማስተካከሌ በፊት የወሰድኩት ልኬት 13.9 ቮልት ከሚያመርት ዲናሞ መብራቱ ጋ የደረሰው 11.6 ብቻ መሆኑን ያሳያል፤ 0.4 በፖዘቲቭ፣ 1.9 በመመለሻው በኩል ጠፍቷል። ከ1.9 ውስጥ 0.7 የጋቢናው ነበር፣ 0.7 የዳሽቦርድ ሥሯ ብሎን፣ 0.5 የማብሪያው። ብሎኗ ስትፈታ ከሥሯ የዛገ ቀለበት ወጣ፤ ተፍቃ ተመለሰች።

አሁን መብራቱ 12.9 ቮልት ያገኛል። ልዩነቱ አንድ ቮልት ከምናምን ይመስላል፤ ነገር ግን የክር አምፖል ብርሃን ከቮልቱ እጅግ በፈጠነ መጠን ይቀንሳል፤ ቮልቱ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ከጣሊያን ዘመን ዋሻ ወዲህና ወዲያ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም በሚወርድበት ምሽት 30 በመቶ ብርሃን ትንሽ አይደለም።

የሙቀት ጌጁም በዚሁ ተስተካከለ። ሞተሩ ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ግራውንድ የሚያገኘው ከሞተሩ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል)፣ ጌጁ ራሱ ደግሞ ከዳሽቦርዱ ሥር ነው። መብራት ሲበራ የዳሽቦርዱ ግራውንድ ከሞተሩ ግራውንድ ከፍ ይል ስለነበር መርፌው ውኃው ሳይሞቅ ይወጣ ነበር። ክላክሱ ግን 13 ቮልት እየደረሰውም ድምፁ አልተመለሰም፤ ውስጡ ዝጓል፤ የኤሌክትሪክ መንገድ ችግር አይደለም።

የጎረቤት ቪትዝ

ጎረቤቴ ወሬውን ሰምቶ ቪትዙን አቀረበ፤ ሲቆም መብራቱ ይደበዝዛል። ለካሁት፤ እስከ ብሎኩ 0.03፣ እስከ ቦዲው 0.04። ግራውንዱ ምንም የለበትም። የዲናሞው ቺንጋ ላልቶ ነበርና ተወጥሮ አለቀ። ኮምፒውተር ባለው መኪና ላይ የሞተር ሴንሰሮችን ግራውንድ አውጥቶ ቦዲ ላይ ማሰር ተገቢ አይደለም፤ ሴንሰሮቹ የሚሠሩት በ5 ቮልት ሆኖ የሚመለሱት ወደ ኮምፒውተሩ ነው፤ የሌላ ዕቃ ከረንት ከተቀላቀለባቸው ንባባቸው ይዛባል። ላሜራ ሲበየድም ባትሪው ይፈታ፣ የብየዳው ግራውንድ መቆንጠጫም ለሚበየደው ቦታ ቅርብ ይሁን።

ታኅሣሥ፣ ሂሳብና የቀረ ሥራ

ለሂሉክሱ ግራውንድ የወጣው ወጪ፦ ኬብል 4,050፣ ካፒኮርዳ 960፣ ሞርሴቶ 900፣ ቡሎንና ሮንዴላ 300፣ የኋላ ሽቦ 360፣ አምፖል 160፣ ቱቦና ናስትሮ 250፤ በድምሩ 6,980 ብር። መልቲሜትሩ ለሌላም ሥራ ስለሚውል አልታሰበም። ከዚህ በፊት ለባትሪና ለካርቦን የወጣው 16,300 ብር ነው፤ አሮጌው ባትሪ በእኔ ግምት ገና ይሠራ ነበር፣ ግን ተሸጧልና መለካት አይቻልም።

የቀረው የፊት መብራቱ ማብሪያ ላይ የሚጠፋው 0.5 ቮልት ነው። እርሱ የግራውንድ ብሎን ሳይሆን የማብሪያው ውስጥ መገናኛ መልበስ ነው፤ መፍትሔው ማብሪያው ሪሌይ (በትንሽ ከረንት ትልቁን ከረንት የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ) ብቻ እንዲያዝ አድርጎ የመብራቱን ከረንት ከባትሪው በቀጥታ ማምጣት ነው። ሁለት ባለ 30 አምፔር ሪሌይ፣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና ባትሪው አጠገብ የሚቀመጥ ፊውዝ ያስፈልጋል። ማብሪያው መመለሻውን የሚቆርጥ በመሆኑ የሪሌዩ አሠራር ከተለመደው ይገለበጣል፤ ሥዕሉን ጀምሬዋለሁ፤ ዕቃው ሲመጣ ይቀጥላል።